የኪራይ አውቶሞቢል በነጂዎቹ አንደበት
በአዳማና በስምጥ ሸለቆ መንገዶች

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ምሳሌ ከአባቶቻችን ወርሰነዋል። ነገር ግን በዚህ በእኛ ዘመን በሰው አውቶሞቢል ተሳፍሮ ወደ ሠርግ፥ ወደ ለቅሶ፥ ወደ ንግሥ ወይም ወደ ሥራ የማይሄድ ሰው ጥቂት ነው። መኪና ሊከራይ የሚወጣ አባወራም አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የመኪናው ዓይነት ምንድን ነው? የቀኑ ኪራይስ ስንት ነው? ብሎ ነው። ሦስተኛውንና ዋናውን ጥያቄ፥ ማለት ዕለት ዕለት የሚነዳው ሰው ስለዚህ መኪና ምን ይላል? የሚለውን ግን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በአዳማና በአካባቢዋ ያሉ ነጂዎች ስለሚይዟቸው የኪራይ አውቶሞቢሎች የሚሰጡትን አስተያየት፥ ለቤተ ሰብ በሚጠቅም መልክ አሰናድተን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን።

ኪራይ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን የራሱ በቅሎ የሌለው መንገደኛ በቅሎ ይከራይ ነበር። ብልህ ሰውም ከመነሣቱ በፊት ጀርባዋ ገጣባ እንዳይሆን፥ ኮቴዋም እንዳይበላ ይመለከት፥ ጠባይዋንም ከሚጎትታት አሽከር ይጠይቅ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ገባ። ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የጭነት መኪናና የመኪና መንገድ በብዛት ስለ ገባ፥ ዛሬ ነጂዎቻችን የሚናገሯቸው ጎማ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ስኮርታ፥ ጎሚስታ የሚባሉት ስሞች ከኢጣልያ ቋንቋ ገብተው የእኛ ሆነው ቀሩ። እንዲህ ስሙና ዕቃው ሲመጣ፥ አሽከሩን ስለ በቅሎዪቱ መጠየቅ የሚባለው የቀድሞው ልማድ ግን ተረሳ።

የዚህ ጉዳይ ነገር ከአዳማ ይልቅ በግልጥ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የመንገዶች መገናኛ ናትና። ወደ አዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና ስድስት መሥመር ያለው ፈጣን መንገድ ይወስዳል። ወደ ምሥራቅ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ቆላና ሙቀት የበዛበት ነው። ወደ ደቡብ ደግሞ በዴራና በኢተያ አልፎ ወደ አሰላ ደጋ ይወጣል። ከጎረቤቷ ከሞጆም ተነሥቶ በመቂ፥ በባቱ፥ በሻሸመኔ አድርጎ እስከ ሐዋሳ የሚዘልቅ መንገድ አለ። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር፥ አዳማ በ1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲሆኑ፥ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። እንግዲህ የአዳማ ነጂ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱን መኪና ደጋውንም ቆላውንም፥ ፈጣኑንም ኮረኮንቹንም ስለሚያሳየው፥ ምስክርነቱ በአንድ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሚመላለሰው ሰው ምስክርነት ይልቅ የሰፋ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ፥ ይህ ሥራ ሌላ ደንበኛ አግኝቷል። ፓርኩ በተለይ ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስ፥ ልብስ የሚገዛ ነጋዴ፥ ሥራ የሚመረምር ሹም ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኪራይ መኪና ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም በዚያው ቀን ሊመለስ ይፈልጋል። እንግዳው በውስጥ ሲመክር ነጂው በውጭ ይጠብቃል። ነጂዎች እንዲህ በጥላ ሥር ተሰብስበው በሚጠብቁበት ሰዓት የሚያወሩት ስለ ሌላ አይደለም፤ ስለሚነዱት መኪና ነው። ወሬያቸውን በጥሞና ለሚሰማ ሰው እንደ ሸንጎ ያለ ነው፤ አንዱ ያመሰግናል፥ ሌላው ይነቅፋል፥ ሦስተኛው ያስታርቃል።

በዚያ ሸንጎ ላይ ከሁሉ ይልቅ ምስጋና የሚበዛለት ቶዮታ ኮሮላ ነው። የምስጋናው ምክንያት ውበቱ ወይም ፍጥነቱ አይደለም፤ መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝ፥ ጠባዩንም የማያውቅ ሠራተኛ የሌለ ስለ ሆነ ነው። በመቂም ቢቆም፥ በአርሲ ነገሌም ቢቆም የሚያነሣው እጅ አያጣም። ነቀፋው ደግሞ ሆዱ ወደ መሬት የቀረበ መሆኑ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለለቅሶ የሚሄድ ቤተ ሰብ በኮሮላ ቢሳፈር፥ የሞተሩ የዘይት መያዣ በድንጋይ እንዳይመታ ነጂው ሲጨነቅ ይውላል።

ቪትዝ የሚባለው ትንሹ ቶዮታ በቁጠባው ይወደዳል፤ ጥቂት ቤንዚን ጠጥቶ ብዙ ይሄዳልና። ሁለት ነገር ግን ይነቀፍበታል። አንደኛው፥ ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የተሠራው መኪና ስም ነው፤ በጃፓን አገር መሪው በቀኝ ስለ ሆነ፥ ወደ እኛ የመጡት ብዙዎቹ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ይህ ሥራ በጥሩ እጅ ከተሠራ ምንም አይደለም፤ በመጥፎ እጅ ከተሠራ ግን መሪው አቅጣጫውን አይጠብቅም፥ ነጂውም ይህን በእጁ ያውቀዋል። ሁለተኛው የጉልበቱ ነገር ነው። ሞተር አየር ካላገኘ ነዳጁን በሚገባ አያቃጥልም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ያለው አየር ደግሞ በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አራት ሰውና ሻንጣ የጫነ ትንሽ መኪና ወደ አሰላ ሲወጣ ቢያቃስት፥ ነጂው ሰነፍ ነው ብሎ መቆጣት አይገባም።

ሚኒባስ የቤተ ሰብ ባለውለታ ነው፤ ሙሽራና ሚዜ፥ አያትና የልጅ ልጅ በአንድነት ይጭናልና። ነጂዎች ግን ቁመቱን ይፈሩታል። በአዳማ ያለው ነፋስ ቀላል እንዳይደለ በከተማይቱ አጠገብ ባሉ ኮረብቶች ላይ የተተከሉት የነፋስ መዘውሮች ይመሰክራሉ። በፈጣኑ መንገድ ላይ ይህ ነፋስ ከጎን ሲመታ ረጅሙ መኪና ይገፋል፤ በዚያ ላይ ከጣራው ዕቃ ከተከመረበት መገፋቱ ይብሳል።

ላንድ ክሩዘር በመኳንንትና በሹማምንት ዘንድ እንደ ተከበረ አለ። ነጂዎችም ጉልበቱን፥ ጭቃና ጠጠር አለመፍራቱን ያመሰግናሉ። ዳሩ ግን ከባድ ስለ ሆነ ቶሎ አይቆምም፤ ከፍ ያለ ስለ ሆነም በፍጥነት ሲጠመዘዝ ለመገልበጥ የቀረበ ነው። የተቀመጠበት ሰው ግን ከፍታው ስለሚያኮራው ፍጥነቱ አይታወቀውም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደ ተባለ፥ ትልቅ መኪና ያደርሳል እንጂ ከሞት አያስጥልም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሸንጎው አዲስ እንግዳ ገብቷል፤ እርሱም በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢል ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በኪራይም ሥራ ላይ ይታዩ ጀመር። በአዳማ ነገሩ ልዩ ጣዕም አለው። በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. በተከታታይ የተመረቁት ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 34 እና 102 መዘውር አላቸው፤ በድምሩም 204 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ተተክለዋል። የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ አካባቢ በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር መኪና በዚሁ አገር ነፋስና ውኃ ይሄዳል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነጂዎች የኤሌክትሪኩን መኪና ጸጥታና ቶሎ መነሣት እጅግ ያደንቃሉ፤ አየር ቢሳሳም ጉልበቱ አይቀንስምና። የሚፈሩት ግን ይህንኑ ጸጥታውን ነው፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስና ጭነት የያዘች አህያ፥ መንገድ የሚሻገር ሕፃንም ድምፁን አይሰሙትም። ሌላው ጭንቀታቸው የባትሪው ስንቅ ነው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ያን 700 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያወጣል፤ ይህም 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ከ15 አንድ እጅ መሆኑ ነው። ሲወርድ ግን ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከወጪው ከፊሉን ይመልሳል። ስለዚህ ብልህ ነጂ ሲወርድ በተረፈው ስንቅ ተታሎ የመመለሻውን አይረሳም። ከዳገቱ ይልቅ ደግሞ ፍጥነት ባትሪን ይበላል፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የአየሩ መቋቋም እጅግ ይበረታልና።

እነሆ፥ እስካሁን የተናገርነው ስለ መኪናዎቹ ዓይነት ነው። ነገር ግን የሸንጎው ወሬ እየጠለቀ ሲሄድ፥ ነጂዎቹ ሁሉ በመጨረሻ የሚስማሙበት ነገር ሌላ ነው። በአንድ ዓመት፥ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት ኮሮላዎች አንዱ እንደ አዲስ ሲሄድ ሌላው ሲንቋቋ ይታያል። ልዩነቱን ያመጣው የፋብሪካው ስም አይደለም፤ አያያዝ ነው። የኪራይ መኪና ደግሞ ከቤት መኪና ይልቅ ቶሎ የሚያረጅበት ምክንያት የታወቀ ነው። የሦስት ሰው ነው፤ የባለቤቱ፥ የነጂውና የተከራዩ። ባለቤቱ ነጂው ይመለከተዋል ይላል፤ ነጂው የእኔ ገንዘብ አይደለም ይላል፤ ተከራዩም ለአንድ ቀን ነው ብሎ ጉድጓዱን ሳይፈራ ያስነዳል። ብዙዎቹ ነጂዎች ደግሞ ለባለቤቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ አስገብተው የተረፈውን ለቤታቸው የሚወስዱ ናቸው። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ለነጂውም ለባለቤቱም ገቢ የሌለበት ቀን ነው። የፍሬን ሸራ አልቋል ሲባል «ነገ» ይባላል፤ ጎማው ላጨ ሲባልም «ከበዓል በኋላ» ይባላል።

ይህ «ነገ» የሚባለው ቃል በዝግታ በሚኬድበት ከተማ ውስጥ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በፈጣኑ መንገድ ላይ ግን ይገድላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍጥነቱን ወደ 120 ቢያሳድግ፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም በፍጥነትና በቆላ ሙቀት ላይ ሲሆን እየተጣጠፈ ይግላል፤ ግሎም ይፈነዳል። በአገራችን በያመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመኪና አደጋ እንደሚሞቱ ይታወቃል። እያንዳንዱ ቍጥር የአንድ ቤት አባት ወይም እናት ወይም ልጅ ነው።

በዚህ ነገር አንድ ነጂ ያደረገውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘመዶቼ ጋር በኪራይ ሚኒባስ ከአዳማ ወደ አሰላ ለሠርግ ልንሄድ ተሰናድተን ነበር። ነጂው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ሁላችን ከተሳፈርን በኋላ ወርዶ ስኮርታውን ቢፈትሽ ነፋስ የሌለው ሆኖ አገኘው፤ የኋላውም አንድ ጎማ በጎኑ አብጧል። የሙሽራው አጎት ሰዓቱ ደርሷል፥ ምሳው ይበርዳል እያሉ ያዋክቡት ጀመር። ነጂው ለባለቤቱ ስልክ ቢደውል፥ ባለቤቱ ሂድ እንጂ ምን ትጠብቃለህ ብሎ ተቆጣው። ያን ጊዜ ቁልፉን አውጥቶ በወንበሩ ላይ አኖረና፥ ከፊት ተቀምጠው ወደ ነበሩት አክስቴ ዘወር ብሎ፥ «እትዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጆችዎን ይዤ በዚህ ጎማ ዳገት አልወጣም» አላቸው። አክስቴም፥ «ልጄ፥ ደግ ብለሃል፤ እንጠብቅሃለን» ብለው አጎትየውን ዝም አሰኙ። ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ጎማውን አስለውጦ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን፤ ሠርጉም ቤት ዘግይተን ደረስን። በመንገድ ምንም ነገር አልደረሰብንም። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሚኒባስ ሌላ ሰው ሲነዳው አይቼ የቀድሞው ወዴት ሄደ ብዬ ብጠይቅ፥ ባለቤቱ ቁልፉን እንደ ተቀበለው ነገሩኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ የሚበልጥ የመኪና አስተያየት ከየት ይገኛል? ያ ወጣት ስለ መኪናው የመሰከረው እንጀራውን ከፍሎ ነው። እኛ ተከራዮቹ ግን እንዲህ ያለውን ምስክር ስናገኝ ብዙውን ጊዜ የምናዋክበው እንጂ የምንደግፈው አይደለንም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደ ሆነ፥ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀርለት ይደነግጋል። ስለዚህ «ነጂው ያውቃል» ብሎ እጅን መታጠብ በፍርድ ፊት አይረዳም። እንደዚሁም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ለሦስተኛ ወገን የመድን ዋስትና ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊነዳ አይገባውም። ባለቤት የሆኑ አንባቢዎቻችን እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በጋራዥ የሚውል አንድ ቀን በፍርድ ቤት ከሚመላለሱበት ዓመት ይረክሳል።

አሁን ወደ ቤተ ሰቡ እንመለስ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል፥ በመስከረም መጨረሻ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ፥ በዕረፍት ቀንም ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ መኪና ተከራይቶ የሚሄድ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አባወራው መኪናውን በቀን ብርሃን ይየው። የዓመቱ ምርመራ መደረጉን የሚያስረዳውን ቦሎና የመድኑን ወረቀት ይጠይቅ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጎማውን በእጁ ይዳስስ፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት ቍጥሮችም ይመልከት። የፊተኞቹ ሁለት የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ። ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን፥ ፍሬቻና የፍሬን መብራት መብራታቸውን ይፈትሽ። የደኅንነት ቀበቶ በየመቀመጫው መኖሩን እመቤቲቱ ትጠይቅ፤ ልጆችንም በኋላ መቀመጫ ታስቀምጥ። አስቀድሞ የነበረውን ጭረት ከአከራዩ ጋር ሆነው በጽሑፍ ቢያሰፍሩት፥ ኋላ ከሚመጣው ክርክር ይድናሉ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነጂውን ለብቻው ጠርቶ፥ «ወንድሜ፥ በዚህ መኪና የራስህን ልጆች ይዘህ ወደዚያ አገር ትሄድ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከአፉ ቃል ይልቅ ፊቱን መመልከት ያስፈልጋል። ቢያመነታ፥ መኪናውን መተው ወይም እስኪሠራ መጠበቅ ነው። በመንገድም ላይ ሳሉ ምሳ ለራስ በልቶ ነጂውን በጾም መተው፥ ሌሊት ሙሉ ሲያስጠብቁት አድሮ ማለዳ ንዳ ማለት፥ ዘገየን ብሎ ከኋላ መጎትጎት ከአደጋ ጋር መዋዋል ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በመኪና መንገድ ላይ የፈሰሰውን ግን የሚለቅም የለም።

ባለቤቶችም ለቀን ገቢው ሲቆርጡ፥ መኪናው የሚታደስበትን ቀን አስቀድመው ከሒሳቡ ቢያወጡ፥ «ጎማው አልቋል» ብሎ የመጣላቸውንም ነጂ እንደ ሰነፍ ሳይሆን እንደ ታማኝ ቢቆጥሩት፥ ንብረታቸውም ስማቸውም ይጠበቃል። ሹማምንትም ለመሥሪያ ቤታቸው መኪና በሚከራዩበት ጊዜ ከዋጋው ርካሽነት ጋር የመኪናውን ደኅንነት ቢመዝኑ፥ የሚታዘዛቸው ሠራተኛ በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለሳል። የመኪና ስም በፋብሪካ ይወጣል፤ የመኪና ጠባይ ግን የሚታወቀው በነጂው እጅ ነው። እርሱን ጠይቀን የምንነሣ ከሆነ፥ የሰው ወርቅ ባያደምቅም የሰው መኪና በደኅና ያደርሰናል።